ክብርና ቅሌት፤ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 4 በተባለው ሰፈር፥ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙበት መንገድ፥ የቀትሩ ሙቀት እስኪበርድ ድረስ ከአገር ቤት የመጡ ነጋዴዎችና ጸሓፊዎች ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ጨዋታቸው የሚጀምረው በዕቃ ዋጋ፥ በመጋዘን ኪራይና በጉምሩክ ወረቀት ነው። ይህ ሲያልቅ ግን ወሬው ወደ ቀድሞ ሰዎች ይዞራል፤ የመኳንንትም ስም እንደ ቡና ዋጋ አንዴ ከፍ፥ አንዴ ዝቅ ይላል። ጎጃሜ በመካከሉ ከተገኘ ደግሞ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስም ሳይነሣ አይቀርም።

«እሳቸውማ እንደኛ ነጋዴ ነበሩ፤ ዘመኑ ቢፈቅድላቸው ጎጃምን ኩባንያ ያደርጓት ነበር» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተናገሩ። በአጠገባቸው የነበረው ወጣት የሒሳብ ጸሓፊ በትሕትና ጐንበስ ብሎ፥ «አባባ፥ ኩባንያ ቢሆንማ ኖሮ ባለ አክሲዮኖቹ ትርፉን በተካፈሉ ነበር» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ነገሩ በሳቅ ቢያልፍም ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም።

ስለ ራስ ኃይሉ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሀብታም እንደ ነበሩ፥ በልጅ ኢያሱ ምክንያት እንደ ታሰሩ፥ ኋላም ለጣልያን እንደ አደሩ። ከሦስቱ ነገሮች በፊት የነበረውን፥ ማለት የጎጃም ገበሬ በእሳቸው ላይ ያሰማውን አቤቱታ፥ ለማንሣት የሚተጋ ግን ጥቂት ነው። የአንድ ትልቅ ሰው ውድቀት የሕዝብ ወሬ በሆነ ጊዜ መጀመሪያ የጮኸው ሰው ምን ፍትሕ አገኘ ብሎ መጠየቅ ለአስተዳዳሪም ሆነ ለነጋዴ የሚጠቅም ይመስለናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ሥራቸው ትርጕም የሆነ ሰዎች «ስካንዳል» የሚለው የፈረንጅ ቃል በቀረበላቸው ጊዜ ጥቂት ማሰባቸው አይቀርም። «ነውር» ቢሉት ጠባብ ይሆናል፤ «ሐሜት» ቢሉት ምናልባት ሐሰት ነው የሚል ጥርጣሬ ይጨምርበታል። የሚቀርበው «ቅሌት» ነው። ቅሌት ከመቅለል ነውና፥ ሰውየው በሰው ዓይን ክብደቱን ማጣቱን ያመለክታል። በአንጻሩ ደግሞ «ክቡር» የሚባለው ሹምና «ከበርቴ» የሚባለው ባለጸጋ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። አባቶቻችን ማዕርግንና ገንዘብን በአንድ ግንድ ላይ አብቅለዋቸዋል። የራስ ኃይሉም ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለ ታሪክ ነው።

አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በሚቀጥለው ዓመት በእምባቦ ጦርነት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። የጎጃምና የሸዋ ቤት ፉክክር እስከ ልጆቻቸው ዘመን የዘለቀ በመሆኑ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ግዛቱን ለአንድ ወራሽ ሳያስረክቡ ከፋፈሉት። ራስ ኃይሉ እስራትም ሹመትም ከቀመሱ በኋላ ውለው አድረው የአባታቸውን አገር በእጃቸው ሰበሰቡ። ልጃቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ በተዳረች ጊዜም የጎጃም ቤት ከዙፋኑ ጋር በጋብቻ ተሳሰረ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ያ ዝምድና ለራስ ኃይሉ መከበሪያ መሆኑ ቀርቶ መጠርጠሪያ ሆነባቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በዚያ ዘመን የአንድ አውራጃ ገዢ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወር ደመወዝ አይቀበልም ነበር። ከሚገዛው አገር ግብር ያስገብራል፤ አሥራት ይሰበስባል፤ በኬላ ከሚያልፍ ነጋዴ ቀረጥ ይቀበላል፤ ከተሟጋች የዳኝነት ገንዘብ ይወስዳል፤ ከሚሾመውም ሰው እጅ መንሻ ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ የተወሰነውን ወደ ማእከላዊው መንግሥት ይልካል፤ የቀረው ለቤቱ፥ ለወታደሩና ለማዕዱ ይሆናል። ስለዚህ የአገርን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ የሚለይ መዝገብ አልነበረም። ይህ የራስ ኃይሉ ብቻ ሳይሆን የመኳንንቱ ሁሉ ሥርዓት መሆኑን መካድ ፍርድን ማዛባት ነው።

ነገር ግን አማርኛችን «ግብር» በሚለው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ገበሬው ለጌታው የሚያገባው ግብር ነው፤ ጌታው በአዳራሹ ለሰው የሚያበላውም ግብር ነው። የቀድሞው መስፍን በቀኝ እጁ የሰበሰበውን በግራ እጁ ያበላ ነበር፤ ገበሬው ቢመረርም እንኳ፥ ማር ሲጫን ያየው ጠጅ ሲቀዳም ያይ ነበር። ራስ ኃይሉ የታወቁት ግን የመጀመሪያውን ግብር በማብዛት እንጂ በሁለተኛው አይደለም። ገንዘብን ወደ ገንዘብ መመለስ የሚወዱ፥ በአዲስ አበባ የሚከራይ ቤትና የንግድ ሥራ የነበራቸው፥ አውቶሞቢል አስመጥተው ወደ ደብረ ማርቆስ ያስገቡ ሰው ነበሩ። ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺስማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያን ዘመን ጎጃም የሚያነብ ሰው፥ አሮጌውና አዲሱ ነገር ጎን ለጎን ቆመው ያያል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ነውር ነውን? በካርቲየ 4 ለሚኖር ነጋዴ ገንዘብን ማባዛት ነውር ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ብዙ መኳንንት ንግድን በሚንቁበት ዘመን ራስ ኃይሉ አለመናቃቸው የማስተዋል ምልክት ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ነጋዴ ገንዘቡን ሲያወጣ ሊከስር ይችላል፤ የሚሸጥለትም ሰው ዋጋውን ካልወደደ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የጎጃም ገበሬ ግን የሚሄድበት ሌላ ሱቅ አልነበረውም። ሹመት በገንዘብ በተገዛ ጊዜ የገዛው ሹም ያወጣውን ከነትርፉ የሚያስመልሰው ከበታቹ ካለው ሕዝብ ነው። አስተዳዳሪው ነጋዴ ቢሆን፥ ነጋዴው የሚፈራው ኪሣራ ሁሉ ወደ ገባሩ ይተላለፋል። የሒሳብ ጸሓፊው በትሕትና የተናገረው ቀልድ ይህን የነካ ነበር።

ራስ ኃይሉ ይህችን የጅቡቲ ከተማ ያዩት በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለመሄድ በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ በምድር ባቡር ተነሥተው፥ 784 ኪሎ ሜትሩን ተጕዘው ወደ ወደቡ ሲደርሱ፥ ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩም መንገሻ አብረዋቸው ነበሩ። ለነገሥታት ስጦታ የሚሆኑ አንበሶችም በጓዙ ውስጥ ነበሩ። ጕዞው ኢየሩሳሌምን፥ ካይሮን፥ ፓሪስን፥ ብራስልስን፥ ስቶክሆልምን፥ ሮማንና ሎንዶንን ያካተተ ነበር። ከጕዞው ምክንያቶች አንዱ የወደብ ጉዳይ ስለ ነበረ የጅቡቲ ነጋዴ ሊያስታውሰው ይገባል፤ ራስ ተፈሪ ለኢትዮጵያ የባሕር በር ለማግኘት ከፈረንሳይም፥ ከጣልያንም፥ ከእንግሊዝም ጋር ተነጋግረዋል። ሳይሳካላቸው ተመለሱ።

ታላላቆቹ መሳፍንት ለምን አብረው ተወሰዱ? ለክብር ነው የሚል አለ፤ ጌታው በሌለበት አገር ቤት ተቀምጠው እንዳያድሙ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ለእንግሊዞች በኩል ግን የጎጃም ገዢ እንዲሁ ከመኳንንት አንዱ ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ቃል ገብተው ነበር፤ ዓባይም ጎጃምን እንደ ቀለበት ከብቦ የሚሄድ ወንዝ ነው። ለግብፅና ለሱዳን ጥጥ የሚጨነቅ ሁሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ማን እንደ ተቀመጠ ማወቅ ይፈልግ ነበር።

ራስ ኃይሉ ሎንዶንን በጐበኙበት ዘመን በዚያች ከተማ ከታላላቆቹ የመርከብ ጌቶች አንዱ ኦወን ፊሊፕስ፥ በመኳንንት ስሙ ሎርድ ኪልሰንት፥ ነበር። ይህን ሰው እዚህ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የንጉሣዊ ፖስታ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ሊቀ መንበር ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካን ወደቦች የሚያካልለው የዩኒየን ካስል መርከብ ድርጅትም በእጁ ነበር፤ በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ኋይት ስታር የተባለውን የታወቀ ድርጅት በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ሆኖም ከትልቁ ጦርነት በኋላ የመርከብ ጭነት ዋጋ ወድቆ ነበርና ኩባንያው ከሥራው አያተርፍም ነበር፤ ለባለ አክሲዮኖች የሚከፈለው ትርፍ በጦርነቱ ዘመን ተሰውሮ ከተቀመጠ ገንዘብ እየተቀነሰ ይወጣ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ኩባንያው ሕዝቡ ገንዘብ እንዲያበድረው በይፋ ሲጠይቅ፥ ያለፉት 10 ዓመታት አማካይ ገቢ ለወለዱ በብዙ እጥፍ እንደሚበቃ ጻፈ።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው እውነት ነበሩ። ነገር ግን መልካሞቹን የጦርነት ዓመታት ከክፉዎቹ ዓመታት ጋር ደባልቆ አማካይ በማውጣት፥ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የነበረውን ኪሣራ ሸፈነ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ሎርድ ኪልሰንት በሎንዶን ወንጀል ችሎት፥ በተራ ዜጎች ዳኝነት ፊት፥ ለ10 ቀን ያህል ተከሶ ቆመ። የኩባንያው ሒሳብ መርማሪ ነጻ ወጣ፤ ሎርዱም በዓመታዊ ሒሳቦቹ ስለ ቀረበበት ክስ ነጻ ሆነ። ሕዝቡን ገንዘብ በጠየቀበት ወረቀት ግን ጥፋተኛ ተባለና 12 ወር እስራት ተፈረደበት። ቃል በቃል እውነት የሆነ ነገር በጠቅላላው ሐሰት ሊሆን እንደሚችል በዚህ ፍርድ ተወሰነ። ትርጕም የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ፍርድ ከጠረጴዛው በላይ ቢሰቅለው አይጐዳም።

በዚያው በሐምሌ 1923 ዓ.ም.፥ ሐምሌ 9 ቀን፥ አዲስ አበባ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ለሕዝባቸው ሰጡ። መሳፍንቱና መኳንንቱ የፈረሙበት ይህ ሕግ ዳኞች በግልጽ ችሎት እንዲያስችሉ፥ ጉዳዩ የሕዝብን ጸጥታ የሚነካ ሲሆን ግን በዝግ ሊታይ እንደሚቻል ይናገር ነበር። ለመኳንንቱም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫ ተዘጋጀላቸው። የሕጉ መንፈስ በግዛታቸው ነገሥታት መሆናቸው ቀርቶ በዋና ከተማው መካሪዎች እንዲሆኑ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና መጣ።

የጎጃም ሰዎች በራስ ኃይሉ አገዛዝ ላይ ያሰሙት አቤቱታ፥ እንዲሁም ወደ ማእከላዊው መንግሥት መግባት የነበረበት ገቢ ጉዳይ፥ ራስ ኃይሉን ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር አጋጭቷቸው ነበር። በዚህ ላይ ሳሉ በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ ጥበቃ ታስረው ከነበሩበት ከፍቼ አመለጡ። ወዲያው ተይዘው ወደ ሐረርጌ፥ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በኅዳር 1928 ዓ.ም. እዚያው በእስር ሳሉ ሞቱ። ለማምለጡ እጃቸው አለበት የተባሉት የቀድሞው አማታቸው ራስ ኃይሉ ነበሩ። ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት፤ ሀብታቸው ተወረሰ። በዚያው ዓመትም 300,000 ብር እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸው ነበር።

ዛሬ በወረቀትና በባንክ የሚነግድ ሰው 300,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ምን ማለት እንደ ሆነ ላይታየው ይችላልና ጥቂት እንመዝን። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠቅላላው ከ8,400 ኪሎ ይበልጣል። አንዲት በቅሎ 80 ኪሎ ትሸከማለች ብንል፥ ዕዳው ብቻ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በዓባይ ቈላ ወርዶ ሲወጣ ከ100 በላይ በቅሎ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ብር መጀመሪያ የሸጠውን እህል፥ ማርና ከብት ተጠይቆ ያገባው ገበሬ ነው። ቅጣቱ በተከፈለ ጊዜ ግን ብሩ የሚሄደው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንጂ ወደ መጣበት ጐጆ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ማቆም ይቻላል። ልጅ ኢያሱ ባመለጡበት በግንቦት ወር ሎርድ ኪልሰንት በሎንዶን እስር ቤት ነበር፤ የወጣው በነሐሴ 1924 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ገንዘብ የሚያውቁ፥ በማዕርግ የከበሩ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ የወደቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሎንዶን የተበደለው፥ ማለት ገንዘቡን ያበደረው ሕዝብ፥ የክሱ ባለቤት ሆኖ እስከ መጨረሻ ቈየ። እያንዳንዱ ቃል በችሎት ተነገረ፤ ጋዜጣም አተመው። ነገሩ የሒሳብ አያያዝን ልማድ ነካ፤ በ1940 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ የኩባንያዎች ሕግም የተሰወረ መጠባበቂያን ለመግለጥ የሚያስገድድ ሆነ። ኪልሰንት በ1929 ዓ.ም. ወንድ ወራሽ ሳይተው ሲሞት የሎርድነቱ ስም ጠፋ፤ ሕጉ ግን ቀረ።

በአዲስ አበባ ግን የገበሬው አቤቱታ በዘውድ ላይ በተደረገ ክዳት ተዋጠ። ይህን ስንል መንግሥት ዘውዱን መጠበቅ አልነበረበትም ማለታችን አይደለም፤ ተወግዶ የነበረ መስፍን ወደ ጎጃም ገብቶ ቢሆን ኖሮ ደም ይፈስ ነበር። ነገር ግን ከክዳት ጋር ሲነጻጸር የግብር ብዛት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስለዚህ ማንም ቁጭ ብሎ «ይህን ያህል ከዚህ አገር በዚህ ስም ተወሰደ፤ ይህ በሕግ ነው፤ ይህ በግፍ ነው» ብሎ በመዝገብ ላይ አልለየውም። ገዢው ተለወጠ፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም ተሾሙ። ራስ እምሩ በደግነትና በእጅ ንጽሕና የታወቁ ሰው ነበሩ። የደግ ሰው መሾም ግን ከደግ ሕግ ጋር አንድ አይደለም፤ ሰውየው ሲነሣ ደግነቱም አብሮት ይነሣልና።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከንጋት በፊት ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ተነሣ። እስረኛው ራስ ኃይሉም በዚያው ጕዞ ነበሩ። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ራስ ኃይሉ ወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ጅቡቲ ደርሰው፥ ሚያዝያ 26 ቀን በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ፍልስጥኤም ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ሁለቱም የወጡበትን በር አንዱ ለስደት አለፈበት፤ ሁለተኛው ጀርባውን ሰጥቶት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህችን የድሬዳዋ ሰዓት እንደ ታናሽ ነገር ማለፍ አይገባም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ጣልያን ለራስ ኃይሉ ክብራቸውን መለሰላቸው፤ ለመኳንንቱ ማደሪያና ማሳመኛ አደረጋቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በፍቼ አካባቢ በአርበኝነት ሳሉ፥ እጃቸውን ቢሰጡ ምንም አይደርስባችሁም የሚለውን ቃል ካደረሱት ሰዎች አንዱ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ወንድማማቾቹ ቃሉን አምነው ገቡ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን በፍቼ ተገደሉ። ልጅ ኢያሱ ያመለጡባት ፍቼ፥ ጠባቂያቸው የነበሩት የራስ ካሣ ልጆች ደም የፈሰሰባት ፍቼ፥ ያችው አንዲቱ ከተማ ናት። ራስ ኃይሉ ጣልያን ቃሉን እንደሚያፈርስ አስቀድመው ያውቁ ነበር ብለን አንፈርድም። ነገር ግን የሌላውን ቃል ይዞ የሚሄድ ሰው፥ ቃሉ በሐሰት ሲፈጸም ከዕዳው ነጻ አይሆንም። በሎርድ ኪልሰንት ወረቀት ላይ ፈርመው ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ በፍቼ የጠፋው ግን የሰው ነፍስ ነው። በእኛ ግምት የራስ ኃይሉ እውነተኛ ቅሌት በ1924 ዓ.ም. የተፈረደባቸው ሳይሆን፥ ማንም ችሎት ያልተቀመጠበት ይህ የ1929 ዓ.ም. ነገር ነው።

በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ኃይል ሲደክም ራስ ኃይሉ ጎጃምን ይዘው እንዲያቆዩ ወደ ደብረ ማርቆስ ተላኩ። የአባታቸው አገር ሰው ብዙው በእልልታ ተቀበላቸው፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሕዝብ ከባዕድ ይልቅ የሚያውቀውን ጌታ ይመርጣልና፥ ግብሩን ቢያስታውስም እንኳ። ጣልያኖች ከተማውን ለቀው ወደ ዓባይ ሲወርዱ ብቸናን የያዘው አርበኛ በላይ ዘለቀ በሰፈርታክ መሻገሪያ እንዲያግዳቸው ይጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ሳይቈረጡ ተሻገሩ። በላይ ከራስ ኃይሉ ቤት በጋብቻ ተስፋ እንደ ተባበለ የእንግሊዝ መኮንኖች ጽፈዋል። የዘመቻው አዛዥ ዊንጌት እጅግ ተቈጣ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ቀርበው እጅ ነሡ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ፥ ከጎጃም ርቀው፥ በዓይነ ቁራኛ እየተጠበቁ ኖረው በዕድሜ ዐረፉ።

በላይ ዘለቀ ግን እንዲህ አላረጀም። ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ተይዞ፥ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ፤ ከእሱም ጋር ከራስ ኃይሉ ቤት የሆኑት ልጅ ማሞ ኃይሉ ተሰቀሉ። አምስት ዓመት ለአገሩ የተዋጋው የገበሬ ልጅ በገመድ ሲሞት፥ ለጠላት ያደሩት የንጉሥ ልጅ በአልጋቸው ላይ መሞታቸው በጎጃም ሰው አፍ እስከ ዛሬ ይነሣል። ምሕረት የንጉሥ ሥልጣን መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ምሕረት እንደ ማዕርግ ደረጃ ሲከፋፈል ያየ ሕዝብ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጫካ መሄድን ይማራል።

የግብሩም ነገር አላበቃም። ጎጃም ከነጻነት ወዲህ መሬት እንዲለካ በተጠየቀ ቍጥር መሬቴ ርስቴ ነው እያለ እንቢ ሲል ኖረ፤ የለካውን ሹም ሁሉ የሚያየው በራስ ኃይሉ ዘመን በተማረው ጥርጣሬ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ በብዙ ወረዳዎች ገበሬው መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር ላከ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ለብዙ ዓመታት የተወዘፈው የጎጃም ግብርም ተማረ።